ኮምፓይለር ስመርጥ የሠራኋቸው ስህተቶች፣ እናንተ እንዳትደግሟቸው

ፕሮግራሚንግ ቤቴ ቁጭ ብዬ በራሴ መማር ስጀምር አንድ ዓመት ገደማ አባክኛለሁ። ያባከንኩት ትምህርቱ ከብዶኝ አልነበረም። ኮምፓይለር የሚባለውን፣ የምንጽፈውን ኮድ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚመልሰውን ፕሮግራም ሳልመርጥ እጄ የገባውን ስለጫንኩ ነው። የሚቆጨኝ ደግሞ ጊዜው ብቻ አይደለም። ያን ሁሉ ወር «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» እያልኩ ራሴን ስወቅስ መክረሜ ነው የሚያንገበግበኝ። አሁን እየጀመራችሁ ያላችሁ ይሄ እንዳይደርስባችሁ ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

የነበረኝ 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ 64 ቢት ዊንዶውስ ተጭኖበታል። ሲ ቋንቋን ለመማር ወሰንኩና አንድ የቆየ መማሪያ መጽሐፍ አገኘሁ። መጽሐፉ ምሳሌዎቹን ሁሉ የጻፈው ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን ለነበረ፣ ሰማያዊ መስኮት ላለው ኮምፓይለር ነው። አንድ የማውቀው ሰው ያንኑ ኮምፓይለር በፍላሽ ሰጠኝ። መጽሐፉ የሚለው እሱን ነው፣ እጄ ላይ ያለውም እሱ ነው፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ጫንኩት። አልከፈትም አለ። 64 ቢት ዊንዶውስ የ16 ቢት ፕሮግራም አያስነሳም። እዚህ ጋ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን መዞሪያ መንገድ ፈለግኩ። ዶስቦክስ የሚባል የድሮውን ዶስ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም አለ፤ እሱን ጭኜ ኮምፓይለሩን በውስጡ አስነሳሁት። ሠራ። ደስ አለኝ፤ ነገሩ እዚያ ያለቀ መሰለኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጥሩ ነበሩ። የመጽሐፉን መልመጃ አንድ በአንድ ሠራሁ። ከዚያ የራሴን ነገር ልሞክር ብዬ አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ስንት ፊደል እንዳለ የሚቆጥር ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ፋይሉን ይከፍታል፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያነባል፣ ባነበበ ቁጥር ቆጣሪው ላይ አንድ ይደምራል፣ ሲጨርስ ድምሩን ያሳያል። በቃ ይኸው ነው። አጭር ፋይል ሰጠሁት፣ 212 አለ። በእጄ ቆጠርኩት፣ ልክ ነው። ሌላም ሞከርኩ፣ ልክ ነው። ከዚያ 40,000 ፊደል ያለው ረጅም ፋይል ሰጠሁት። ስክሪኑ ላይ የወጣው -25536 ነበር።

ከዜሮ በታች። ፊደል እንዴት አድርጎ ከዜሮ በታች ይሆናል? ሦስት ሌሊት ያንን ኮድ ሳገላብጥ አደርኩ። ቆጣሪውን ከዜሮ መጀመሬን አየሁ፣ ሉፑን አየሁ፣ ፋይሉን በትክክል መዝጋቴን አየሁ። ሁሉንም አጥፍቼ ከባዶ ጻፍኩት። መልሶ -25536። በሦስተኛው ሌሊት ላፕቶፑን ዘግቼ ለሁለት ሳምንት አልነካሁትም።

ያወጣኝ በፕሮግራመርነት የሚሠራ ጓደኛዬ ነው። ኮዱን ላሳየው ስል ኮዱን እንኳን አላየም፤ መጀመሪያ የጠየቀኝ «በምንድን ነው ኮምፓይል የምታደርገው?» ብሎ ነው። ነገርኩት። ዝም አለና «እስቲ ኢንት ስንት ባይት እንደሆነ ጠይቀው» አለኝ። ኢንት ሲ ውስጥ ሙሉ ቁጥር የሚቀመጥበት ዓይነት ነው፤ ቆጣሪዬም ኢንት ነበር። ሳይዝኦፍ በሚለው ትዕዛዝ ጠየቅኩት። 2 ብሎ መለሰ። «አየህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» አለኝ። ያቺን ዓረፍተ ነገር እስካሁን አልረሳትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። 2 ባይት ማለት 16 ቢት ነው። እዚያ ውስጥ የሚገባው ትልቁ ቁጥር 32767 ነው። ቆጣሪው እዚያ ደርሶ አንድ ሲደመርበት ወደ -32768 ይገለበጣል፣ ከዚያ ወደ ላይ መቁጠሩን ይቀጥላል። ከ40,000 ላይ 65,536 ቀንሱ፤ -25,536 ይመጣል። ዛሬ በቤት ኮምፒውተር ላይ የምንጠቀምባቸው ኮምፓይለሮች ግን ለኢንት 4 ባይት ነው የሚሰጡት፤ ከ2 ቢሊዮን በላይ ይቆጥራል። የሲ ቋንቋ ደንብ ራሱ ኢንት ቢያንስ 16 ቢት ይሁን ይላል እንጂ 32 ይሁን አይልም። ስለዚህ ኮምፓይለሩም አልዋሸኝም፤ ለዘመኑ ማሽን በትክክል ነው የሠራው። ዘመኑ ግን የእኔ ዘመን አልነበረም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ምክሬን ልስጣችሁ። ኮምፓይለር ከመጫናችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መቼ ነው የወጣው? የትኛውን የቋንቋውን ደንብ ያውቃል? ሲ በየጊዜው የሚወጣ ደንብ አለው፤ ሲ89 አለ፣ ሲ99 አለ፣ ሲ11 አለ፣ ከዚያም በኋላ ያሉ አሉ። ሲ ፕላስ ፕላስም እንደዚሁ፣ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ኮምፓይለር ላይ የተማራችሁት ብዙ ነገር አዲሱ ላይ አይሠራም። እኔ ስክሪን ለማጽዳት ክላርስክር የሚባለውን ትዕዛዝ በየፕሮግራሜ መጀመሪያ እጽፍ ነበር። የሲ ቋንቋ አካል ይመስለኝ ነበር እኮ! ለካ የዚያ ኮምፓይለር የራሱ ጭማሪ ነው። ወደ ሌላ ስዛወር የጻፍኳቸው ፕሮግራሞች በሙሉ በአንድ ቀን እምቢ አሉኝ። መጽሐፋችሁ አሮጌ ከሆነ መጽሐፉን አትጣሉት፤ ስለ ሉፕ፣ ስለ ፖይንተር የሚያስተምረው አሁንም ልክ ነው። ኮምፓይለሩን ግን አዲስ አድርጉት።

ከዚህ በኋላ አርፌ አንድ ጥሩ ነገር መምረጥ ሲገባኝ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ። አሮጌው ከጎዳኝ ትልቁና አዲሱ ያድነኛል አልኩ። ያገኘሁትን ትልቁን ጥቅል ማውረድ ጀመርኩ። ማውረዱ ራሱ ስንት ጊዜ ተቋረጠ። ብዙ ጊጋባይት ዲስኬን በላና ሲከፈት ላፕቶፑ ያቃስት ጀመር። አንድ አሥር መስመር ኮድ ለማስኬድ ደቂቃዎች እጠብቃለሁ። ጥቅሉ ምንም ችግር የለበትም፤ ትልልቅ ሥራ ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ ነው፣ የሚፈልገው ማሽንም እንደዚያው ነው። ከማሽኔ ጋር ሳላስተያይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ራማችሁ ትንሽ ከሆነ ከባድ ጥቅል አያስፈልጋችሁም። ኮምፓይለር ብቻውን ቀላል ነው፣ የሚከብደው ዙሪያውን ያለው መስኮትና ማስዋቢያ ነው።

እሱን አጥፍቼ አንድ ቆንጆ ኤዲተር ጫንኩ። ቀለሙ ያምራል፣ ፈጣን ነው፣ ኮዱን በየቀለሙ ይለያያል። ጽፌ አስኪደው ስለው «ጂሲሲ የሚባል ትዕዛዝ አላውቅም» የሚል መልእክት መጣ። ጂሲሲ አንድ ነፃ ኮምፓይለር ነው። እንደገና ጫንኩት። ያው ነው። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ ጭኜዋለሁ። ለካ ኤዲተር ኮምፓይለር አይደለም! ኤዲተር የምትጽፉበት ደብተር ነው። የጻፋችሁትን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚመልሰው ሌላ ፕሮግራም ነው፣ እሱን ለብቻው መጫን አለባችሁ። ይህን የሚያሳስቱ ስሞች አሉ፤ ለምሳሌ ቪዥዋል ስቱዲዮ እና ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ስማቸው ቢመሳሰልም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው፣ ስትጭኑት የሲ ፕላስ ፕላስን ክፍል ከመረጣችሁ፣ ኮምፓይለሩን ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው ኤዲተር ነው፤ ኮምፓይለር ከሌላ ቦታ ታመጡለታላችሁ።

አንድ ጊዜ ይህ ከገባኝ በኋላ ደግሞ ሌላ አባዜ ያዘኝ፤ መቀያየር። አንዱ ሰው ይሄኛው ይሻላል ይላል፣ እጭናለሁ። ሌላው ያኛው ይሻላል ይላል፣ እሱንም እጭናለሁ። የድሮውን ሳላጠፋ ነው ታዲያ። አንዱ መስኮትም ኮምፓይለሩም አንድ ላይ ያሉበት አሮጌ ጥቅል ነበር፣ ውስጡ ያለው ጂሲሲ 3.4 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ። ሌላው ባለ 32 ቢት ነው። ሦስተኛው ባለ 64 ቢት። ሦስቱም ራሳቸውን ጂሲሲ ብለው ይጠራሉ። ትዕዛዙን ስሰጥ ዊንዶውስ ፓዝ የሚባለውን የፎልደሮች ዝርዝር ከላይ ወደ ታች እያየ መጀመሪያ ያገኘውን ያስነሳል። ስለዚህ አዲሱን የጫንኩ እየመሰለኝ ለወራት የምሠራው በአሮጌው ነበር። ከዚያ አንድ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው ኮድ፣ አምጥቼ ከፕሮግራሜ ጋር ላገናኝ ስል የማገናኘቱን ሥራ የሚሠራው ሊንከር አልቀበልም አለ፤ ላይብረሪው ባለ 64 ቢት ነው፣ ኮምፓይለሩ ባለ 32።

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ አሁኑኑ ልትሞክሩት የምትችሉት ነገር ልንገራችሁ። ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ክፈቱና ዌር (where) የሚለውን ትዕዛዝ ጻፉ፣ ቀጥሎ ክፍተት፣ ቀጥሎ የኮምፓይለሩን ስም። በፓዝ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ከነፎልደራቸው ይዘረዝርላችኋል። ከአንድ በላይ ከመጣ ያስቸገራችሁ እሱ ሊሆን ይችላል። የሚሠራው ከላይ ያለው ነው።

መለስ ያልኩት አንድ ቅዳሜ ነው። ጓደኛዬ ደውዬ ስነግረው «ሁሉንም አጥፋ። አንድ ብቻ ጫን። ስድስት ወር እንዳትቀይር» አለኝ። አጠፋሁ። ፓዝ ውስጥ የቀሩትን የድሮ መስመሮችም ሰረዝኩ፤ ይህችን አትርሱ፣ ፕሮግራሙ ሲጠፋ መስመሯ አንዳንዴ ትቀራለች። ከዚያ ኤምሲስ 2 የሚባለውን ጫንኩና በእሱ በኩል አዲሱን ጂሲሲ አወረድኩ። ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ባለ 64 ቢት ካላችሁ ይህ መንገድ ጥሩ ነው፤ ኮምፓይለሩን በኋላ በአንድ ትዕዛዝ ማደስ ትችላላችሁ፣ ላይብረሪም ስትፈልጉ ከዚያው ከአንድ ቦታ፣ ከኮምፓይለሩ ጋር የሚስማማውን ታወርዳላችሁ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከተጫነ በኋላ ነው። ኤምሲስ ብዙ ዓይነት ተርሚናል ይሰጣችኋል፣ እናንተ የምትከፍቱት ዩሲአርቲ 64 የሚለውን ነው። ከሌላ መስኮት መጠቀም ከፈለጋችሁ ደግሞ የዩሲአርቲ 64ን ቢን ፎልደር ፓዝ ውስጥ ራሳችሁ መጨመር አለባችሁ። ፕሮጀክታችሁን የምታስቀምጡበት ፎልደር ስም ውስጥም ክፍተትና የአማርኛ ፊደል ባታስገቡ ይሻላል። አንዳንድ መሣሪያ ላይ ያለ ምክንያት የሚመስል ስህተት ያመጣል።

የድሮዋን ፊደል ቆጣሪ አውጥቼ በአዲሱ አስኬድኳት። 40000 አለች። ብቻዬን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ያንን ቁጥር ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ትምህርቴን በእውነት የለወጠው ግን ቁጥሩ አይደለም፣ የስህተት መልእክቱ ነው። ይህን ጠበቅ አድርጌ ልናገር፤ ለጀማሪ ከኮምፓይለር ፍጥነት ይልቅ የሚጠቅመው አነጋገሩ ነው። የሚሠራው ኮድ በሚሊሰከንድ ፈጠነ ዘገየ ለእኔና ለእናንተ ምንም አይደለም። ቀኑን ሙሉ የምትሰሙት ግን ስህተቱን የሚነግራችሁን ድምፅ ነው። አንድ ሴሚኮሎን ረስቼ ሪተርን ከሚለው ቃል በፊት ብተወው፣ አሮጌው ጂሲሲ «ከሪተርን በፊት የሰዋስው ስህተት አለ» ይለኝ ነበር። ምን ዓይነት ስህተት? ፈልግ ነው። አዲሱ «ከሪተርን በፊት ሴሚኮሎን ጠብቄ ነበር» ይላል፣ መስመሩን ራሱን አውጥቶ ቦታውን ከሥሩ በምልክት ያሳያል። ጂሲሲ ይህን መስመር አውጥቶ ማሳየት የጀመረው ከ4.8 እትም ወዲህ ነው። ክላንግ የሚባለው ሌላኛው ነፃ ኮምፓይለር በዚህ በግልጽ አነጋገሩ ነው ስም ያወጣው። አሮጌ ጥቅል ስትጭኑ የምታጡት አዲስ የቋንቋ ደንብ ብቻ ሳይሆን ይህን ሁሉ ነው።

ሌላው፣ ማስጠንቀቂያዎቹን ክፈቱ። ብዙዎቹ እናንተ ካልጠየቃችኋቸው ዝም ይላሉ። ጂሲሲ እና ክላንግ ላይ ዳሽ ደብልዩ ኦል (-Wall) እና ዳሽ ደብልዩ ኤክስትራ (-Wextra) የሚባሉትን ሁለት አማራጮች ከትዕዛዙ ጋር ጻፉ። እኔ መጀመሪያ ስከፍታቸው ይሠራል ያልኩት ፕሮግራም ላይ አሥራ አንድ ማስጠንቀቂያ መጣ። አንደኛው፣ ቁጥር ከተጠቃሚው በምቀበልበት መስመር ላይ ከተለዋዋጩ ስም በፊት የ& ምልክት መርሳቴን ነው የነገረኝ። ያ ፕሮግራም አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ድንገት ይዘጋ ነበር። አንዳንድ ቀን መሥራቱ ነበር ያታለለኝ። ሌላው ደግሞ ሁለት ቁጥር ማወዳደር ሲገባኝ አንድ = ብቻ ጽፌ ነው፤ ሁለት መሆን ነበረበት። ኮምፓይለሩ በሰከንድ ውስጥ ያያትን ነገር እኔ በዓይኔ ሳምንት አልደረስኩባትም ነበር። አሁን ማስጠንቀቂያ ያለበትን ኮድ አልቀበልም፣ ዜሮ እስኪሆን አስተካክላለሁ።

መልእክቱን ስታነቡ ከየት እንደመጣ ለዩ። ኮምፓይል ማድረግ የምንለው በእርግጥ ብዙ ደረጃ ነው። ኮዱ ይዘጋጃል፣ ይተረጎማል፣ መጨረሻ ላይ ሊንከር የሚባለው ቁርጥራጮቹን ያገናኛል። «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» የሚል ካያችሁ ኮዳችሁ ተተርጉሟል፣ የጠፋው ሊንከሩ የሚፈልገው ቁራጭ ነው። ወይ አንዱን ፋይል አብራችሁ አልሰጣችሁትም፣ ወይ ላይብረሪውን አልጠራችሁትም። እኔ ይህን ሳላውቅ መስመር በመስመር ኮዴን ስቀያይር የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው። ደግሞ ሃምሳ ስህተት ሲመጣባችሁ አትደንግጡ። የመጀመሪያውን ብቻ አስተካክሉና እንደገና ሞክሩ፤ አብዛኞቹ እሱን ተከትለው የመጡ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ቀረኝ። ፕሮግራሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ሰው ስልክለት እሱ ኮምፒውተር ላይ አልነሳ አለ። አንድ ዲኤልኤል ፋይል ጠፍቷል ይላል። እኔ ጋ የሚሠራው ያ ፋይል ከኮምፓይለሩ ጋር ስለተጫነ ነው፤ እሱ ጋ ኮምፓይለር የለም። ጂሲሲን ዊንዶውስ ላይ ስትጠቀሙ ዳሽ ስታቲክ (-static) የሚለውን አማራጭ ከጨመራችሁ የሚያስፈልገው ነገር ፕሮግራሙ ውስጥ አብሮ ይገባል። ፋይሉ ይተልቃል፣ ግን ሌላ ቦታም ይነሳል። አንቲቫይረስም አንዳንዴ አሁን የተወለደውን ፕሮግራማችሁን ጠርጥሮ ሊያጠፋው ይችላል። ፕሮግራማችሁ ከፎልደሩ ውስጥ ድንገት ከተሰወረባችሁ ኮምፓይለሩን ከመውቀሳችሁ በፊት እዚያ ተመልከቱ። በተቃራኒው ኮምፓይለሩን ራሱን ከማይታወቅ ቦታ እንዳታወርዱ። ጥሩ ከሚባሉት ብዙዎቹ ከራሳቸው ገጽ በነፃ ይገኛሉ።

ሊኑክስ ላይ ያላችሁ ከዚህ ግማሹን ድካም ተገላግላችኋል። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ከሆነ ቢልድ ኤሴንሻል የሚባለውን ጥቅል መጫን ይበቃል፣ ጂሲሲም ሌላውም አብሮ ይመጣል። ማክ ላይ የኤክስኮድን የትዕዛዝ መስመር መሣሪያዎች ጫኑ፤ እዚያ ጂሲሲ ብላችሁ ብትጽፉም የሚነሳው ክላንግ መሆኑን እወቁ። ለጀማሪ ልዩነቱ አያስጨንቅም። ትምህርት ቤት ወይም ኮርስ ውስጥ ካላችሁ ደግሞ አስተማሪያችሁ የሚጠቀምበትን፣ እትሙን ሳይቀር ጠይቃችሁ እሱኑ ጫኑ። የተሻለ የሚባል ቢኖርም እንኳ። ስትቸገሩ አጠገባችሁ ያለው ሰው የሚያውቀው መሣሪያ ከሁሉም ይበልጣል። እኔን ያወጣኝ ጓደኛዬ ጂሲሲን ባያውቅ ኖሮ ምናልባት ሌላ ነገር እመርጥ ነበር፣ ያም ልክ በሆነ ነበር።

እና እርዳታ ስትጠይቁ፣ ለማንም ይሁን፣ «አልሠራም አለኝ» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። ኮምፓይለሩን በሁለት ሰረዝ ቨርዥን (--version) ብላችሁ እዘዙት፣ ስሙንና እትሙን ይነግራችኋል። እሱን ቅዱ፣ የሰጣችሁትን ትዕዛዝ እንዳለ ቅዱ፣ የመጀመሪያዋን የስህተት መስመር ቅዱ። እኔ በእነዚያ ሦስት ሌሊቶች ይህችን ለአንድ ሰው ልኬ ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ሌሊት እተኛ ነበር።